ከአያት መሬት ሳይርቁ መሥራት፦ ለነባር ሕዝቦች የጥበብ ሰዎች ስለሚሰጥ ፌሎውሺፕ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ ያሉ ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ እዚያ የኖሩት፣ ቅርጫት፣ ሽመና፣ ሸክላና ሥዕል ይሠራሉ። ጀማሪዎቹን የሚደግፍ የፌሎውሺፕ ገንዘብም አለ። የሚገርመው ገንዘቡ አይደለም፤ አንዳንዱ ሰውየውን ወደ ትልቅ ከተማ ከመጥራት ይልቅ እሱ ራሱ ወደ ሰውየው አገር መሄዱ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፌሎውሺፕ ከስኮላርሺፕ በምን ይለያል?

ስኮላርሺፕ ለትምህርት ነው። ገንዘቡ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ መጨረሻው ላይ ዲግሪ አለ። ፌሎውሺፕ ግን ለሰው ነው የሚሰጠው። ብድር ስላልሆነ አይመለስም። ፈተናም ውጤትም የለውም።

በአጭሩ፣ የሚገዛው ጊዜ ነው። ቀን መጋዘን ውስጥ ስትሠራ ውላ ማታ ማታ ብቻ ዶቃ የምትሰፋ ሴት አለች እንበል። ፌሎውሺፑ ለወራት ወይም ለዓመት ቀኑን ለሙያዋ እንድታውለው ያደርጋታል።

ከገንዘቡ ጋር ሌላ ነገር የሚጨምሩም አሉ። አንዱ ቤትና ስቱዲዮ ይሰጣል። ሌላው የሒሳብ አያያዝና የዋጋ አወጣጥ ሥልጠና ያክላል። ቼኩን ልኮ «በርቱ» ብሎ የሚተውም አለ። እውነቱን ለመናገር እኔ ይሄኛውን አልጠላውም።

አርቲስት ሲባል ዘፋኝና ተዋናይ ማለት ነው?

በእኛ አፍ አዎ፣ አእምሯችን ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነው። እዚህ ግን ቅርጫት ሠሪውም፣ ሸማኔዋም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ ታንኳ ጠራቢውም፣ ገጣሚውም አርቲስት ነው።

ይህ ክብር ቶሎ አልመጣም። የነባር ሕዝቦችን ሥራ ለማየት ለረጅም ጊዜ የሚኬደው ወደ ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነበር። ከዳይኖሰር አጥንትና ገለባ ከተጠቀጠቀባቸው እንስሳት ጎን ማለት ነው። የሥዕል ሙዚየሞች በራቸውን የከፈቱት ዘግይተው ነው።

«ቀይ ህንዶች» ብንል ችግር አለው?

አለው። «ህንድ» የሚለው ኮሎምበስ ህንድ የደረሰ መስሎት ያወጣው ስም ነው። «ቀይ» የሚለው ደግሞ ሰውን በቆዳው የሚጠራ ነው፣ ሲሰደቡበትም ኖረዋል። ከእነሱ መካከል በዕድሜ የገፉት ራሳቸውን «ኢንዲያን» ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። የሕግና የመሥሪያ ቤት ስሞች ላይም ቃሉ አሁንም አለ። ያ የእነሱ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው በነገዱ ስም መጥራት ነው፦ ላኮታ፣ ዲኔ (ናቫሆ የምንላቸው)፣ ትሊንጊት፣ ፓሳማኳዲ። የፌዴራል መንግሥቱ ዕውቅና የሰጣቸው ነገዶች ብቻ ከ570 በላይ ናቸው። በጥቅሉ ለመናገር ስንፈልግ «ነባር ሕዝቦች» እንላለን።

ለምን በአያቶቻቸው መሬት ላይ? ኒው ዮርክ ሄደው ቢሠሩ ምን አለበት?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

የሜይን ግዛትን እንውሰድ። እዚያ ዋባናኪ በሚል የጋራ ስም የሚጠሩ ሕዝቦች አሉ። ፓሳማኳዲና ፔኖብስኮት ከእነሱ ናቸው። ቅርጫት የሚሠሩት ጥቁር አሽ ከሚባል፣ ረግረግ ከሚወድ ዛፍ ነው። ግንዱን ቆርጠው በመጥረቢያ ጀርባ ይቀጠቅጡታል። ሲቀጠቀጥ ዛፉ በየዓመቱ ያበቀለው ቀለበት እየተላቀቀ እንደ ጥብጣብ ይወጣል። አንድ ጥብጣብ የአንድ ዓመት ዕድሜ ነው ማለት ነው። ከዚያ ያቀጥኑታል፣ ይሰነጥቁታል፣ ይጎነጉኑታል። በዋባናኪ አፈ ታሪክ ግሉስካቤ የሚባለው ጀግና ይህን ዛፍ በፍላጻ ወጋው፤ ሰዎችም ከቅርፊቱ ውስጥ ወጡ። ከዛፉ ጋር ዝምድና አላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ይህን ሰው ኒው ዮርክ ውሰዱትና ሰፊ ስቱዲዮ ስጡት። ዛፉን ከየት ያመጣል? ለቅርጫት የሚሆነውን ከማይሆነው የሚለዩት ሽማግሌስ አብረውት ይሄዳሉ? ጫካ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ቀጥ ያለውን፣ ጉጥ የሌለበትን ግንድ መምረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኛም እኮ እናውቀዋለን። መሶብ የምትሰፋ እናት ወስፌዋን ከማንሳቷ በፊት አክርማውና ስንደዶው የት እንደሚበቅል፣ መቼ እንደሚለቀም ታውቃለች። ወቅቱ ካለፈ አለፈ ነው።

ሌላ ጣጣም አለ። ከእስያ የመጣ አንድ አረንጓዴ ጢንዚዛ የአሽ ዛፎችን እየጨረሰ ነው። በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ታየ። በ2018 ሜይን ደረሰ። ቅርጫት ሠሪዎቹ አሁን ከደን ባለሙያዎች ጋር ሆነው ዘር ይለቅማሉ፣ የቀረውን ዛፍ ይቆጥራሉ። አንድ ፌሎውሺፕ ለዘር ለቀማ የሚሆን ቤንዚን ቢከፍል ያ ለጥበብ የወጣ ገንዘብ ነው ወይስ ለደን? እዚያ ላሉ ሰዎች ጥያቄው ራሱ ትርጉም የለውም።

ቅርጫቱ ላይ የሚገባ ሽታው የሚጥም ሣርም አለ። የሚበቅለው ከባሕር ዳር ጨዋማ ረግረግ ላይ ነው። የባሕር ዳሩ መሬት ግን ዛሬ የግል ይዞታ ነው ወይም ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ነገዶች ከፓርኩ ጋር ተስማምተው ለባህላቸው የሚሆን ዕፅ እንዲለቅሙ የሚፈቅደው ደንብ የወጣው በ2016 ነው። አያቶቻቸው ሲለቅሙት የኖሩትን ሣር ማለት ነው።

ወደ አላስካ እንሂድ። የትሊንጊት ሕዝብ ቺልካት የሚባል ካባ ይሸምናል። ክሩ የተራራ ፍየል ፀጉርና የቢጫ ሴዳር ዛፍ ልጥ አንድ ላይ ተፈትሎ ነው። በሽመና ክብ ቅርጽ ማውጣት እንዴት እንደሚያስቸግር የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ይነግራችኋል። ቺልካት ክብ ያወጣል፤ ዓይን፣ ክንፍ፣ የዓሣ ጭራ ሁሉ ይወጣበታል። አንድ ካባ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ጥበቡ ሊጠፋ አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጄኒ ትሉናት የሚባሉ እናት ዕድሜያቸው ዘጠና ገደማ ሲደርስ ወጣት ሴቶችን ሰብስበው አስተማሩ፣ በ1986 አረፉ። ከተማሩት አንዷ ክላሪሳ ሪዛል ነበረች። እሷም በተራዋ ሌሎችን አስተማረች። ይህ ሁሉ የሆነው በአላስካ፣ የባሕሩ ሽታ በሚሸትበት ቦታ ነው። ጄኒ ትሉናትን በዚያ ዕድሜያቸው አውሮፕላን ላይ አሳፍሮ ኒው ዮርክ ወስዶ «ወርክሾፕ ስጡ» ማለት ይቻል ነበር። ግን ለምን?

መሬቱ ከእጃቸው የወጣባቸውስ? ወደ የት ነው የሚሄዱት?

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ብዙዎቹ ነገዶች ዛሬ የሚኖሩት አያቶቻቸው በተቀበሩበት ቦታ አይደለም። ሪዘርቬሽን፣ ማለትም ለነገዶች ተከልሎ የተተወ መሬት፣ አንዳንድ ጊዜ የድሮው አገር ቁራጭ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ተነድተው የደረሱበት ሩቅ ቦታ ነው።

የሞሂካን ሕዝብን ታሪክ ተመልከቱ። አገራቸው ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን የሚወጣው የሃድሰን ወንዝ ሸለቆ ነበር። ስማቸው ራሱ «ከማይቆመው ውሃ ያሉ ሰዎች» እንደማለት ነው። በ1730ዎቹ ብዙዎቹ ማሳቹሴትስ ውስጥ ስቶክብሪጅ የምትባል የሚሲዮን ከተማ ገቡ። ከአሜሪካ የነፃነት ጦርነት በኋላ ከዚያም ተገፉ። ቀጥሎ በኒው ዮርክ ግዛት የኦናይዳ ሕዝብ አስጠጋቸው። በ1820ዎቹ ወደ ዊስኮንሲን መፍለስ ጀመሩ። ዛሬ ስቶክብሪጅ መንሲ በሚል ስም ዊስኮንሲን ውስጥ ይኖራሉ። ከሃድሰን በቀጥታ መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

በ2021 በሃድሰን ሸለቆ ፎርጅ ፕሮጀክት የሚባል ድርጅት ተከፈተ። ቻይናዊው አርቲስት አይ ዌይዌይ በነደፈው ቤት ውስጥ ነው። ለነባር ሕዝቦች የጥበብ ሰዎች ፌሎውሺፕ ይሰጣል፤ ሲጀምር ለእያንዳንዱ 25,000 ዶላር ነበር። ከሌሎች ነገዶች የመጡም ይቀበላል፤ ከስቶክብሪጅ መንሲ ለሚመጡት ግን የተለየ ቦታ አለው። ፌሎው የሆነ ሰው እዚያ ሰንብቶ መሥራት ይችላል።

አስቡት። ከዊስኮንሲን የመጣ ወጣት አያቶቹ ሲያወሩለት የኖሩትን ወንዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየዋል። ሥራ ሳይጀምር ሳምንት ሙሉ ዝም ብሎ ቢዞር ማን ይፈርድበታል? ፌሎውሺፕ መሬት አይመልስም። ሦስት ሳምንት ሰንብቶ መሄድ ቤት መግባት አይደለም። ግን ቦታውን በስሙ የሚጠራው ሰው ተመልሶ ቆሞበታል። እኔ ይህን ቀላል ነገር ነው አልልም።

ገንዘቡን የሚሰጠው ማነው?

ብዙ ናቸው። ከሚታወቁት ጥቂቱን ልጥቀስ።

ፈርስት ፒፕልስ ፈንድ በሳውዝ ዳኮታ፣ ራፒድ ሲቲ ነው ያለው። የሚመሩት የነባር ሕዝቦች ልጆች ናቸው። አንደኛው ፌሎውሺፑ የጥበብ ሰውን እንደ ነጋዴ ያያል፤ ዋጋ ማውጣት፣ ሒሳብ መያዝ፣ ገበያ ማግኘት ያስተምራል። ሌላኛው ባህሉን ለማኅበረሰቡ ለሚያስተላልፍ ሰው ነው።

ኔቲቭ አርትስ ኤንድ ከልቸርስ ፋውንዴሽን በ2007 ተመሠረተ። በ2021 ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ውስጥ አንድ የጥበብ ድርጅት ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሕንፃውን ከነመሬቱ በስጦታ አስረከበው። ብዙ ድርጅቶች ስብሰባቸውን ሲከፍቱ «ይህ መሬት የእነ እገሌ ነው» ብለው ያነባሉ። ካርታውን አውጥቶ የሰጠ ግን ጥቂት ነው።

በሳንታ ፌ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ስኩል ፎር አድቫንስድ ሪሰርች የሚባል ተቋም አለ። ለጥበብ ሰዎች መኖሪያ፣ ስቱዲዮና የወር አበል ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ግን ግምጃ ቤቱን ይከፍትላቸዋል። እዚያ የደቡብ ምዕራብ ሕዝቦች የድሮ ሸክላ፣ ሽመናና ጌጥ ከአሥር ሺህ በላይ ተቀምጧል። ከእነዚህ ሕዝቦች መካከል ፑዌብሎ ከሚባሉት የሆነች ሸክላ ሠሪ በመስታወት ሳይሆን በእጇ ይዛ የዱሮ እንስራ ማገላበጥ ትችላለች። ምናልባት የቅድመ አያቷ እጅ የነካውን።

ስንት ነው? ታክስስ ይቆረጥበታል?

ከጥቂት ሺህ ዶላር ጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል። የፎርጁን ጠቅሻለሁ። ዩናይትድ ስቴትስ አርቲስትስ የሚባለው ድርጅት ፌሎውሺፕ 50,000 ዶላር ነው፤ ግን ለሁሉም ዓይነት ሰው ነው እንጂ ለነባር ሕዝቦች ብቻ አይደለም።

ታክሱን አትርሱ። ዲግሪ ለማይማር ሰው የተሰጠ ፌሎውሺፕ በአሜሪካ ሕግ እንደ ገቢ ይቆጠራል፤ ብዙ ጊዜ ሰጪው ታክሱን ቀድሞ አይቆርጥም። ገንዘቡ ሲገባ ሁሉንም አውጥቶ ታክስ በሚከፈልበት ሚያዝያ ላይ የሚደነግጥ ሰው ሞልቷል። በገቢ ልክ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ቼኩን ከመቀበሉ በፊት ቢጠይቅ ይሻላል።

«ጀማሪ» ማለት ወጣት ነው?

አይደለም። ጀማሪ የሚባለው ሙያውን አደባባይ ይዞ ለመውጣት ገና የሆነ ሰው ነው። ልጆቿን አሳድጋ በሃምሳ ዓመቷ ወደ እናቷ ሙያ የተመለሰችም ጀማሪ ናት።

በ1993 የሜይን ቅርጫት ሠሪዎች አሊያንስ ሲመሠረት የሠሪዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። ሙያው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሊቀበር ነው ማለት ነው። አሊያንሱ ወጣቶችን ከሽማግሌዎች ጋር እያጣመረ ማስተማር ጀመረ፤ ከዓመታት በኋላ አማካዩ ወደ 40 ወረደ።

ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ጄረሚ ፍሬይ ነው። ፓሳማኳዲ ነው፤ ሙያውን ከእናቱና በአሊያንሱ በኩል ተማረ። በ2010 የዩናይትድ ስቴትስ አርቲስትስ ፌሎውሺፕ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት በሳንታ ፌ የኢንዲያን ገበያ አንደኛ ወጣ። ገበያው ከ1922 ጀምሮ ያለ ትልቅ ገበያ ነው፤ አንደኛነት የሸክላና የጌጥ ሰዎች ነገር ነበር፣ እሱ በቅርጫት ወሰደው። በ2025 ደግሞ የማክአርተር ፌሎው ሆነ፤ ይሄኛው 800,000 ዶላር ነው። ሁሉም ሰው እንደዚህ ይሆናል እያልኩ አይደለም። ግን መነሻው እናቱ ቤት ነበር።

ነባር መሆን በምን ይረጋገጣል? አስመሳይ የለም?

አስመሳይማ ሞልቷል። በፋብሪካ የተሠራ ጌጥ «የናቫሆ የእጅ ሥራ» ተብሎ ይሸጣል። ለዚህ ሲባል በ1990 የኢንዲያን አርትስ ኤንድ ክራፍትስ ሕግ ወጣ። ነባር ሳይሆን ሥራውን የነባር ነው ብሎ የሸጠ ግለሰብ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 250,000 ዶላር ሊቀጣ፣ እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር፣ ወይም ሁለቱም ሊደርሱበት ይችላል።

ስለዚህ አብዛኞቹ ፌሎውሺፖች የነገድ አባልነት ማስረጃ ይጠይቃሉ። አባል ማን እንደሆነ የሚወስነው ራሱ ነገዱ ነው። አንዳንዱ ነገድ የትውልድ ሐረግ ይቆጥራል። አንዳንዱ ደግሞ «የደም መጠን» የሚባል፣ ከመንግሥት የወረሰው ስሌት አለው፤ አንድ አራተኛ፣ አንድ ስምንተኛ እያለ። እናቷ ከአንዱ ነገድ፣ አባቷ ከሌላው የሆነች ልጅ በሁለቱም በኩል ሙሉ ነባር ሆና ሳለ የአባልነት ካርድ ላታገኝ ትችላለች። በ1900ዎቹ አጋማሽ በጉዲፈቻ ተወስደው የጠፉ ልጆች ዘሮችም የአባልነት ወረቀት ፍለጋ ሲንከራተቱ ይኖራሉ። ስለዚህ ካርድ የሌላቸውን ማኅበረሰባቸው በሚጽፍላቸው ደብዳቤ የሚቀበሉም አሉ።

ማመልከቻው ምን ይጠይቃል?

የሥራ ፎቶ፣ ስለ ራስ አጭር ጽሑፍ፣ ምን ለመሥራት እንደታሰበ፣ በጀት፣ የሚያውቅ ሰው ደብዳቤ። ከዚህ ብዙም አይወጣም።

በጣም የሚጥለው ፎቶው ነው። ግሩም ሥራ በጨለማ ክፍል፣ አበባ ያለበት አልጋ ልብስ ላይ ተነጥፎ ይነሳና ይላካል። ዳኞቹ የሚያዩት ዕቃውን ሳይሆን ፎቶውን ነው። ደመናማ ቀን ላይ ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ከኋላው ነጭ ወይም ግራጫ ጨርቅ አድርጎ ማንሳት ይበቃል።

ጽሑፉ ላይ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ለመምሰል አለመሞከር ነው። «ይህን ከአያቴ ተማርኩ፤ እሷ የምታውቀው ሦስት ዓይነት አሠራር ነበር፤ ሦስተኛውን ገና አልያዝኩትም፤ ይህን ዓመት እሱን ልማር ነው» ያለ ሰው በግማሽ ገጽ ሁሉንም ተናግሯል።

ችግሩ ኢንተርኔቱ ነው። ሪዘርቬሽን ላይ መስመሩ ደካማ ነው፤ ማመልከቻው ደግሞ ትልልቅ ፎቶ ጫኑ ይላል። ፈርስት ፒፕልስ ፈንድ በፓይን ሪጅ ሪዘርቬሽን ለላኮታ ሰዎች ያደረገው ደስ ይለኛል። ከሌሎች ጋር ሆኖ ሮሊንግ ሬዝ አርትስ የሚባል አውቶብስ ሠራ። አውቶብሱ እየዞረ የጥበብ ትምህርት፣ የንግድ ሥልጠናና የባንክ አገልግሎት ይሰጣል። ለምን ባንክ? ድርጅቱ ያስጠናው ጥናት እንዳሳየው በፓይን ሪጅ ግማሽ ያህሉ ቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኘው ቤት ውስጥ ከሚሠራ ሥራ ነው፤ ከዚያም አብዛኛው ባህላዊ ጥበብ ነው። ባንክ ሩቅ ሲሆን ዶቃውን በርካሽ የሚሰበስብ ነጋዴ ይመጣል። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

በፌሎውሺፕ የተሠራው ሥራ የማን ነው? ሰጪው ይወስደዋል?

በተለመደው አሠራር ሥራውም መብቱም የሠሪው ነው። ሰጪው የሚፈልገው ፎቶና አጭር ሪፖርት ነው። ግን ውሉን ማንበብ ነው፤ «አንድ ሥራ ለስብስባችን ይቀራል» የሚል መስመር ሊኖር ይችላል።

የሚከብደው ሌላው ነው። በትሊንጊት ዘንድ አንዳንድ ምስል የግለሰብ አይደለም፣ የወገኑ ነው። ቁራ ወይም ንስር በሆነ መልክ የማሠራት መብት ያለው ያ ወገን ብቻ ነው። ብዙዎቹ የፑዌብሎ መንደሮች ደግሞ በበዓላቸው ጊዜ ካሜራ አያስገቡም። ስለዚህ «የሠራችሁትን ሁሉ አሳዩን» የሚል ፌሎውሺፕ ሰውየውን ከአያቶቹ ጋር ያጣላዋል። ጥሩ ሰጪ «ይህን ማሳየት አልችልም» ሲባል ለምን ብሎ አይደርቅም።

ገበያው ግን ይደርቃል። ቅድም ያነሳኋት ክላሪሳ ሪዛል በ2016 አረፈች። ከዓመታት በኋላ አንድ ታዋቂ የልብስ ቸርቻሪ የእሷን ካባ ንድፍ የመሰለ ኮት ከ2,500 ዶላር በላይ ዋጋ ለጥፎ ሲሸጥ ተገኘ። በአላስካ ዋና ከተማ በጁኖ ያለው ሲአላስካ ሄሪቴጅ ኢንስቲትዩት የሚባል የባህል ተቋም በ2020 ከሰሰ፤ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት አለቀ። ወራሾቿ የካባውን የቅጂ መብት ቀደም ብለው ማስመዝገባቸው በጅቷል።

የሚነቀፍበት ነገር የለም?

አለ እንጂ። አንደኛ፣ ዓመት አጭር ነው። ጭቃውን ቆፍሮ፣ አድርቆ፣ አጣርቶ፣ ሠርቶ፣ ተኩሶ፣ ግማሹ ተሰብሮበት እንደገና የሚጀምር ሰው ጊዜው ሳይታወቀው ያልቃል። ሁለተኛ፣ ፌሎውሺፕ አንድ ሰው መርጦ ያወጣል። ሙያው ግን የቤተሰብ ነው፤ ዛፉን የሚቆርጠው አጎት፣ ሣሩን የምትለቅመው አክስት ስማቸው ቼኩ ላይ የለም። አንዱ ሲያገኝ ሌላው ያኮርፋል። መንደር መንደር ነው።

ሦስተኛው ዳኞቹ ናቸው። ዳኛው ሙዚየም ያሳደገው ከሆነ የሚወደው አዲስ ነገር ነው። አያቷ ያደረገችውን በትክክል ደግማ የምትሠራ ሴት «ፈጠራ የላትም» ትባላለች። እኔ ግን እላለሁ፦ ሊጠፋ ጫፍ የደረሰን አሠራር ሳያዛንፉ መድገም በጣም ከባዱ ሥራ ነው። ነባሮቹ ራሳቸው የሚመሩት ፈንድ ይህን የበለጠ ይረዳል።

በሌላ አገርስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

በአውስትራሊያ መንገዱ ትንሽ ይለያል። እዚያ ከፌሎውሺፕ ይልቅ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት በየመንደሩ ያሉ የጥበብ ማዕከላት ናቸው፤ ብዙዎቹ የሠዓሊዎቹ የራሳቸው ንብረት ናቸው። በበረሃው መካከል ፓፑንያ በምትባል ሰፈር በ1971 ሽማግሌዎች በቦርድ ላይ መሣል ጀመሩ፤ በቀጣዩ ዓመት የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። በሽያጩ ገንዘብ ብዙዎቹ ወደየአገራቸው ተመለሱ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ሥዕል 1,000 የአውስትራሊያ ዶላርና ከዚያ በላይ ተመልሶ ሲሸጥ ለሠዓሊው 5 በመቶ እንዲከፈል ሕግ አለ። ይህን አሜሪካም ቢቀዳው አይከፋም።

እኔ አሜሪካ የምኖር ሐበሻ ነኝ። ማመልከት እችላለሁ?

እነዚህን አይቻልም። «እኔም እኮ የአገሬ ነባር ነኝ» የሚል ክርክር አይሠራም፤ ገንዘቡ የተመደበው መሬቱ ለተወሰደበት የዚያው አገር ሕዝብ ነው። አያናድድም።

ግን ሌላ በር አለ። በብዙ ግዛቶች የግዛቱ የጥበብ መሥሪያ ቤት ለባህላዊ ጥበብ የአስተማሪና የተማሪ ድጋፍ ይሰጣል። አንድ አዋቂና አንድ ተማሪ አንድ ላይ ያመለክታሉ፤ ለትምህርቱ ጊዜ ይከፈላል። ስደተኛ ማኅበረሰብም ይገባበታል። በገና መደርደር፣ መሶብ መስፋት፣ ዜማ ሁሉ የሚታሰብ ነው። ለግዛቱ መሥሪያ ቤት ደውሎ የባህላዊ ጥበብ ክፍሉን መጠየቅ ነው።

ከፍ ሲልም የናሽናል ሄሪቴጅ ፌሎውሺፕ አለ። ከ1982 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረ የፌዴራል ክብር ነው፤ የሚገባው በጥቆማ ነው። ጄኒ ትሉናት በ1986 አግኝተውታል። በ2016 ክላሪሳ ሪዛልና የሜይኑን አሊያንስ ያቋቋመችው ቴሬሳ ሴኮርድ በአንድ ዓመት ወስደውታል። በ2008 ደግሞ የቨርጂኒያው ነዋሪ ሊቀ መዘምራን ሞገስ ሥዩም በቤተ ክርስቲያን ዜማ ተሸልመውበታል። ጠቋሚው ማንም ሊሆን ይችላል፤ ድምፅ ወይም ቪዲዮ፣ የሙያ ታሪክና የድጋፍ ደብዳቤ ይያያዛል። በየደብሩ ያሉትን አዋቂ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከእኛ ሌላ የለም።